መንገድ የሚዘጋ ቅጠል

ጎረቤቴ የእርጎ ቅሏን በወይራ ስታጥን መስኮቴን እዘጋለሁ። ጭስ የምጠላ ይመስላታል። ጭሱስ ደግ ነበር፤ ሽታው ግን ሳልፈልግ የአምባሰልን ዳገት ያስወጣኛል።

ዘመኑ የደርግ ነበር። በሐይቅ ገበያ ጢም ያበቀለ ወንድ ሁሉ እየታፈሰ ወደ ጦር ሜዳ ይጫናል። ወንድሜ ጢም እንኳ አላወጣም፤ ቁመቱ አጋለጠው። እናቴ አምባሰል ካለው አጎታችን ዘንድ ልትሸሽገው ቆረጠች። አጎታችን ቤት እህል ስላልነበረ ቀለቡን እኛ ተሸከምን፤ እሷ የማሽላ ስልቻ፣ እኔ በሶና ሽምብራ። የመኪናውን መንገድ ዘበኞች ስለያዙት በድሮው የእግር መንገድ ወጣን። ሰው ከተወው ስለቆየ ቀጋና ሳማ ውጦታል።

ወንድሜ መንገዱን እያየ ቀድሞን ሄደ። እናቴ ልማዱን አስታወሰችው፤ "መንገድ በተለየ ቁጥር የማይኬድበት ላይ ቅጠል ጣልበት። ክትክታ ይሁን፣ ፍየል አይነካውም።"

"ሰምቻለሁ እማዬ" አለ እየሳቀ። "ወላሂ እንዳንቺ የሚጨነቅ አላየሁም።"

የበሶዬ ስልቻ ጠፍር ትከሻዬን ላጠው። ሳማው እግሬን ያቃጥላል፣ ቀጋው ቀሚሴን ይዞ ወደ ኋላ ይጎትተኛል። በተቀመጥኩ ቁጥር እናቴ "ተነሽ የኔ እናት፣ አጎትሽ ቤት እርጎ አለ" ትለኛለች። አጎቴ ላም እንደሌለው አውቅ ነበር። ቢሆንም እነሳ ነበር።

የመጀመሪያዎቹ መገንጠያዎች ላይ ክትክታው በቦታው ጠበቀን። ቀጥሎ ያለው መገንጠያ ጋ ስንደርስ ግን መሬቱ ላይ የፍየል በጠጥ ብቻ ነበር። እናቴ ብዙ አመነታች፤ በመጨረሻ "ቢስሚላህ" ብላ ሰፊውን ያዘች። ሰፊው መንገድ ገደል ውስጥ ይዞን ወርዶ ጠፋ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከላይ የወንድሜን ድምፅ ሰማን። "እማዬ! እማዬ!" አጎታችን ቤት ደርሶ፣ ብንቆይበት ሊፈልገን ተመልሷል። አቤት ልል ስል እናቴ አፌን በመዳፏ ያዘችኝ። መዳፏ ማሽላ ማሽላ ይሸታል።

"ከመለስንለት ደግሞ ይጣራል፤ ዘበኞቹ ይሰሙታል" አለች በጆሮዬ። "ዝም ካልን ይሄዳል።"

አልሄደም። አሁንም አሁንም ተጣራ። ከዚያ ሌላ ድምፅ "ቁም!" አለ፤ ሩጫና የድንጋይ መንከባለል ሰማሁ፤ ከዚያ በኋላ ምንም። እናቴ እጇን ከአፌ ማንሳት ረሳች።

እዚያው አድረን ጠዋት ወደ መገንጠያው ወጣን። ቁጥቋጦው ሥር ተግጦ ያለቀ የወይራ ቅርንጫፍ አገኘን። ቸኩሎ እጁ የደረሰበትን ሰብሯል። ፍየል ከመድረሷ ቅጠል መበጠሷ ሲባል እስከዚያ ቀን ያስቀኝ ነበር። በገደሉ መንገድ አፍ ላይ ግን ትኩስ ክትክታ ተጋድሟል፤ ድንጋይ ተጭኖበታል። ምናልባት ገና ካላለፍን እንዳንሳሳት ብሎ፣ ከመያዙ በፊት ጥፋቱን አስተካክሏል።

እናቴ ድንጋዩን አቅፋ አለቀሰች። ቅጠሉን ግን ከቦታው አላነሳችውም።

ደርግ ወድቆ የሌሎች ልጆች ሲመለሱ፣ የኛ ወሬውም አልመጣም። እሷ በየዓመቱ ያን ዳገት እየወጣች የደረቀውን ክትክታ በእርጥብ ትለውጥ ነበር። "ሲመጣ ገደል እንዳይገባብኝ" ትላለች።

እሷም ሄደች። የኔም ጉልበት ዳገት አይወጣም። መንገዱ አሁን ክፍቱን ነው።