ድምፁ የሚጠፋበት ቦታ

እኔ ስብከት ቁጭ ብዬ መስማት አልችልም። እግሬን ያሳክከኛል፣ ወገቤን ይቆረጥመኛል፤ ሰባኪው ገና «በስመ አብ» ብለው ሳይጨርሱ ተነሥቼ የቤተ ክርስቲያኑን ቅጥር መዞር እጀምራለሁ። እናቴ ታፍርብኛለች። «አንተ ቁንጫ ነው እንዴ ያለብህ? ሰው እኮ ይቀመጣል!» ትለኛለች። ወገዳ ከተማ ትምህርት ቤት ፊዚክስ ሳስተምርም እንዲሁ እየተንጎራደድኩ ነው፤ ተማሪዎቼን አንገታቸውን እስኪያማቸው አዞራቸዋለሁ።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ እናቴ መንገድ ላይ ቆም አለች። «ልጄ፣ ጆሮዬ ሄዷል» አለችኝ። «ስብከቱ ከሩቅ ይመጣብኛል እንጂ ቃሉ አይለይልኝም። ቃሉን ካልሰማሁ ምን ልሠራ እሄዳለሁ? ከእንግዲህ ቤቴ እቀመጣለሁ።»

አባቴ ከሞተ ወዲህ ከቤት የምትወጣው ለቤተ ክርስቲያን ብቻ ነው። የምትቀመጠውም ከመቃብሩ አጠገብ፣ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ነው። እሱን ካስቀረች አለቀላት። ደግሞ አላመንኳትም፤ ቤት ውስጥ የምናገረውን ሁሉ ትመልስልኝ የለም እንዴ? ሳምንቱን ሙሉ እህል አልወርድ ብሎኝ ሰነበተ።

በሚቀጥለው እሑድ እንደ ልማዴ ስዞር አንድ ነገር አስተዋልኩ። የሰንበት ተማሪዎቹ በቅርቡ ሁለት ድምፅ ማጉያ ከግራና ከቀኝ ጽዶች ላይ ሰቅለዋል። በግራው ጽድ ሥር ሳልፍ ድምፁ ጆሮዬን ሊበጥሰው ደረሰ። ወደ መሃል፣ ወደ አባቴ መቃብር ስጠጋ ሳሳ፣ ሟሸሸ። ወደ ቀኝ ሳልፍ እንደገና በረታ። ተመለስኩ፤ ያው ነው።

«ወይ ጉድ!» ብዬ ጮህኩ። ምእመናኑ ዞረው ገላመጡኝ።

ይኼን ነገር ስንት ዓመት ሰሌዳ ላይ ስዬዋለሁ! የአንዱ ሞገድ ጫፍ በሌላው ሸለቆ ላይ ሲወድቅ ይጠፋፋሉ እያልኩ ልጆቹን አሸመድዳለሁ እንጂ በጆሮዬ ሰምቼው አላውቅም ነበር። የአንዱ ማጉያ ሽቦ ተገልብጦ ታስሯል ማለት ነው፤ አንዱ አየሩን ሲገፋ ሌላው ይስባል። ከሁለቱ እኩል ርቀት ላይ ለተቀመጠ ሰው ድምፅ ድምፅን ይበላዋል። አንዱ በሬ ወደፊት ሌላው ወደኋላ ቢጎትት ሞፈሩ የት ይሄዳል? እናቴ የተቀመጠችው ደግሞ ልክ እዚያ ላይ ነው።

ሮጬ ሄጄ እጇን ያዝኩ። «እማ፣ ጆሮሽ ደኅና ነው! ሽቦው ነው! ነይ፣ ወደዚህ ፈቀቅ በይ!»

«አባትህን ትቼ?» አለች። አልተነሣችም።

እንግዲያስ ሽቦውን ላስተካክል ብዬ ቄሰ ገበዙን ለመንኩ፤ የቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ በእሳቸው እጅ ነው። «ይጮህ የለም? ምን ጎደለው?» አሉኝ።

«አባ፣ መሃል ላይ ይጠፋል። ይምጡና በጆሮዎ ይስሙት።»

መጥተው ሰሙ፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እሺ። ካበላሸኸው ግን በሚቀጥለው እሑድ የምትሰብክልን አንተ ነህ።»

አንዱ ጽድ ላይ ወጥቼ የማጉያውን ሁለት ሽቦዎች አለዋወጥኩ።

እሑድ ደረሰ። ስብከቱ ሳይጀመር ከመቃብሩ አጠገብ ቆምኩ። የሰባኪው ድምፅ ከሁለቱም ጽድ መጥቶ እዚያች ላይ ገጠመ፤ ሙሉ፣ ወፍራም፣ ቃል በቃል። እሰይ! ደስታው አናቴ ላይ ወጣ። ወደ እናቴ ዞርኩ።

መዳፏን ከጆሮዋ ኋላ አድርጋ፣ ዓይኗን አጥብባ የሰባኪውን አፍ ታያለች።

ያን ጊዜ ገባኝ። ቤት ውስጥ የምትመልስልኝ እኔ ስለምጮህ፣ አፌንም ስለምታይ ነው። ሽቦውም ተገልብጦ ነበር፤ ጆሮዋም ሄዶ ነበር።

«አስተካከልከው?» አለችኝ።

ፊቴን አይታ ነገሩ ገባት። ነጠላዋን ሰበሰበችና ልትነሣ መሬቱን ተመረኮዘች።

ትከሻዋን ይዤ አስቀመጥኳትና አጠገቧ ቁጭ አልኩ። አፌን ከጆሮዋ አስጠግቼ ሰባኪው ያሉትን ደገምኩላት። የሚቀጥለውንም ሰምቼ ደገምኩላት። እግሬን ያሳክከኛል፣ ወገቤን ይቆረጥመኛል፤ አልተነሣሁም።

«ቀስ በል፣ አትዝለልብኝ» አለች። «እሺ፣ ከዚያስ?»

ስደግምላት ከዚያ የተባለው አምልጦኝ ነበር። ጆሮዬን ወደ ሰባኪው አቅንቼ ማዳመጥ ጀመርኩ።