ኡራኤል ያየሁት ጉሬዛ

ዛሬ በምሳ ሰዓት፣ ከኡራኤል ዝቅ ብሎ ባለው መናፈሻ፣ ከተቀመጥኩበት ወንበር በላይ ዛፉ ላይ ጉሬዛ አየሁ።

ነጭ ጸጉሩ እንደ ካባ ከትከሻው ወርዶ፣ ቅጠል እያኘከ ቁልቁል ያየኛል። መንገዱ ላይ የታክሲ ጥሩምባ ይጮኻል፣ እሱ ግን ግድም የለው።

እኔ እኮ ጉሬዛ ፎቶ ላነሳ ባሌ ፓርክ ድረስ ሄጄ ዝናብ ደብድቦኝ የተመለስኩ ሰው ነኝ።

ስልኬን ሳወጣ የመናፈሻው ጥበቃ ደረሱ። «ልጄ፣ ፎቶ ክልክል ነው።» (መቼም እዚህ ከተማ ይህን ሳይሰሙ ስልክ ማውጣት የለም።)

«ጋሼ፣ እስቲ ቀና ይበሉ» አልኳቸው።

ቀና አሉና ኮፍያቸውን አወለቁ። ከዚያ ጉሬዛው ዘሎ ቅጠሉ ውስጥ ጠፋ።

ስልኬ ላይ የቀረው የእሳቸው ፎቶ ነው፤ ኮፍያቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው ሽቅብ ሲያዩ። «ለጥፊው» ብለውኛል።

እናንተስ ከተማ መሃል ምን አይታችኋል? ፎቶ ባይኖራችሁም አምናችኋለሁ።