በግንቦት የታየ ቤት

ከቁንዝላ የወጣሁት ገና ጎህ ሳይቀድ ነው። እናቴ እስከ ወደቡ ሸኘችኝና መርከቧ ልትነሣ ስትል፣ «ቤት ስታገኝ ጥራኝ፤ ብቻ ውኃው የሚታይበት ይሁን» አለችኝ። አባቴ ከሞተ ወዲህ ከእኔ በቀር ልጅ የላትም። ዘመዶቼ፣ በተለይ ከተማ ገብታችሁ ቤት ለመግዛት የምታስቡ፣ ይህን የምጽፍላችሁ የእኔን ስሕተት እንዳትደግሙት ነው።

ባሕር ዳር ፋብሪካ ተቀጥሬ ፈትል ክፍል ገባሁ። አከራዬ ገና በሦስት ሰዓት መብራቱን ከቆጣሪው ታጠፋብኛለች። ከዚያው ከጣና የወጣ ዓሣ እንኳ እዚህ ምግብ ቤት ተቀምጠው ሲበሉት እንግድነት ይሰማል። ማን ከጎንህ እንደተቀመጠ አታውቅማ።

በአራተኛው ዓመት ከሐይቁ ዳር ባለ ሁለት ክፍል ጭቃ ቤት አገኘሁ። ባለቤቱ ገዳም ሊገቡ የተነሡ አንድ መሪጌታ ነበሩ። መሬቱ የመንግሥት ስለሆነ የምገዛው ግድግዳውንና ቆርቆሮውን ነው። ወረቀታቸው ላይ በምሥራቅ እገሌ፣ በምዕራብ እገሊት፣ በሰሜን ጣና ይላል። በጣም ደስ አለኝ። አገራችን በድንበር ያልተካሰሰ ጎረቤት አለ እንዴ? ጣና ግን ድንበር አይገፋም ብዬ ሳላስለካ ለእናቴ «ነይ» ብዬ ላክሁባት። እሷም ቤቷን ለወንድሟ ልጅ ሰጥታ፣ በሚመጣው እሑድ መርከብ እመጣለሁ አለች።

ሰኞ ቀበሌ ስሄድ ማዘጋጃ ቤት ሳይለካው አንፈርምም አሉኝ። ማዘጋጃ ቤት ስሄድ ደግሞ ጓድ ቀያሹ ስብሰባ ናቸው። ማክሰኞም ስብሰባ፣ ረቡዕም ስብሰባ። ሐሙስ ዕለት ጸሐፊው አዘነልኝና እናትህን ለምን ትንሽ እንድትቆይ አትልክባትም አለኝ። መልእክቱን የምታደርሰው ያችው እሷን የምታመጣው መርከብ ናት ብዬ ብነግረው ሣቀ። እኔ አልሣቅሁም፤ እንቅልፍ ካጣሁ ሦስት ቀኔ ነበር።

ቀያሹ የመጣው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ቤቱን ዞር ብሎም አላየው። ሐይቁ በመስከረም የት ይደርሳል ብሎ ጠየቀ። እኔ ርቆ የሚታየውን ውኃ አሳየሁት። መሪጌታ ግን በኩራት፣ «መስከረም ሲጠባማ እንስራዬን ይዤ ከደጄ ነው የምቀዳው» አሉ።

ቀያሹ ግቢው ጫፍ ወዳለው ሾላ ሄዶ፣ ያለፈው ክረምት ውኃ ግንዱ ላይ የተወውን የጭቃ መስመር ነካ። ሜትሩን ከዚያ ጀምሮ ወደ ቤቱ ዘረጋው። ሜትሩ ግቢውን አለፈ፣ በበሩ ገባ፣ ከመደቡ መካከል ቆመ።

«ከክረምቱ ውኃ ጀምሮ እስከዚህ በሕጉ የሐይቁ ዳርቻ ነው፤ አይሸጥም። ፕላኑ ሲወጣ ይፈርሳል» አለ።

«መደቡስ፣ ጓድ?»

«ራስጌው ያንተ፣ ግርጌው የመንግሥት።»

መሪጌታ ፊታቸው ጠቆረ። «አላወቅሁም፣ ልጄ። ሃያ ዓመት ስኖርበት ለክቶ የነገረኝ የለም» አሉኝ። አመንኳቸው። ገንዘቤን አልከፈልኩም ነበርና እሱ ተረፈ፤ እናቴ ግን መንገድ ላይ ነበረች።

እሑድ መርከቧ ስትደርስ እናቴ ጓዟን ታቅፋ ወረደች። ገና ሳትስመኝ ቤቱ ከዚህ ይታይ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ሁሉንም ነገርኳት።

«መቼ ነው ያየኸው?»

«በግንቦት፣ እማ።»

«የሐይቅ ልጅ ሆነህ በግንቦት ቤት ታያለህ?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ግንቦት ላይ ውኃው እንደሚሸሽ ቁንዝላ የተወለደ ሕፃን ያውቃል፤ እኔ ግን የከተማ ወረቀት ሳይ የማውቀውን ረሳሁት። በዚህ መካከል ከመርከቧ ሠራተኞች አንዱ፣ የአገራችን ሰው፣ ለዘመድ ምን ልበል ብሎ መጣ።

«በደኅና ገባች በላቸው» አለችው እናቴ። «ቤቱም ከውኃው ዳር ነው በላቸው።»

ይህን አምናችሁ የኖራችሁ ሁሉ ይቅር በሉን። የምንኖረው በኪራይ ነው፤ መስኮታችንን ስንከፍት የሚታየው የአከራያችን ግንብ ነው። እናቴ ዛሬም በየእሑዱ ወደቡ ወርዳ ሰላምታ ትልክላችኋለች። የእናንተ ሰዎች ስለ ቤቱ ሲጠይቋት፣ እኔ አጠገቧ ቆሜ እየሰማሁ፣ ውኃው ከአልጋዬ ይታየኛል ትላቸዋለች።