ገበር የሌለው ኮት

ሻንጣ ማሰናዳት ደስ የሚላቸው ሰዎች አሉ ይባላል። እሰየው፣ ዕድሜ ይስጣቸው። ይቺ ሴት ግን ከእነሱ ወገን አይደለችም። የአንድ የሠርግ ባንድ ልብስ ሰፊና ልብስ ያዥ ናት፤ በጋ በመጣ ቁጥር ያንን ሁሉ ልብስ ወለሉ ላይ ዘርግታ፣ ጉልበቷን እያሸች፣ ለባሕሩ ዳርቻ ከተሞች ታሰናዳለች። ሌላው ሰው ወደ ሙቀት ሲሄድ ስስ ስሱን ይመርጣል። እሷ የምታሰናዳው ከፋይ ነው፤ ወፍራም፣ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው የከፋይ ኮት፣ ለየሙዚቀኛው አንዳንድ። ለምን ቢባል መብራት ሲያርፍበት ያምራል። ወበቅ ሲያርፍበት ምን እንደሚሆን ኮቱን የመረጠው ሰው አልጠየቀም። የመረጠው የባንዱ መሪ ነው፤ እሱ ደግሞ ከፊት ቆሞ በሸሚዝ ይዘፍናል።

በባንዱ ውስጥ እትዬ ገበር ነው የምትባለው። ስሙን ያወጣላት ድራም መቺው ነው። ኮት ባየች ቁጥር ገልብጣ ውስጡን ስለምታይ፣ “የልብስ ነፍሱ ገበሩ ነው፣ ላዩንማ ማንም ያሳምረዋል” ስለምትል ወጣላት፤ እሷም አልጠላችውም። ባሏ የባንዱ ጥሩንባ ነፊ ነው። እሱን ጋሽ ጥሩንባ ይሉታል፤ ድራም መቺው ለስም ብዙ አይጨነቅም።

አምና በጋ ጋሽ ጥሩንባ መድረክ ላይ ወደቀ። መጀመሪያ ጥሩንባው ቀስ እያለ ወደ ታች አዘነበለ፣ ከዚያ ራሱ ተከተለው። ውሃ ተደፍቶበት፣ አንገትጌው ተፈቶለት፣ ነፍሱ መለስ አለች። መሪው ክፉ ሰው አይደለም፣ ወጣት ይሁን እንጂ ይሉኝታ ያውቃል። ወደ ቤት ሲመለሱ ግን አውቶቡሱ ውስጥ አጠገቡ ተቀምጦ፣ “ጋሼ፣ እኔ የሰው ነፍስ በእጄ እንድታልፍ አልፈልግም። በሚመጣው በጋ አንዴ ከወደቁ፣ በቃ፣ እንሰነባበታለን” አለው። ጋሽ ጥሩንባም መስኮቱን እያየ እሺ አለ።

ሚስቱ ይህን ነገር ከሰማች ጀምሮ እንቅልፍ የላትም። እውነቱን እንናገር ካልን እሷ ራሷ በቅቷታል። ሣጥን ማንሳት፣ ሣጥን ማውረድ፣ የሰው ላብ ማጠብ፣ በየሆቴሉ ኮሪደር ካውያ መሰኪያ ፍለጋ መዞር። ነገ ቀርቷል ቢሏት ተኝታ ሳምንት አትነሳም። ግን ባሏን ታውቀዋለች። አንድ ጊዜ ሳል ይዞት ሥራ ያቋረጠ ጊዜ ከወንበሩ ግድግዳውን ሲያይ ነበር የሚውለው። ምሳ ስትለው “ይሁን”፣ እራት ስትለው “ይሁን”፣ ጎረቤት ሊጠይቅህ መጣ ስትለውም “ይሁን”። ያ “ይሁን” ያስፈራታል። ካረጁ አይበጁ የሚሉት ተረት እቤቷ ገብቶ ወንበር ስቦ እንደ ተቀመጠ ነበር የቆጠረችው። ስለዚህ ዘንድሮ እንዳይወድቅ ማድረግ አለባት፣ ሌላ መንገድ የለም።

እናም ለጉዞው ስታሰናዳ የባሏን ኮት ከመስቀያው አውርዳ፣ ገልብጣ፣ መቀሱን አነሳች። እሱ ከበሩ አጠገብ ተቀምጦ የጥሩንባውን ቁልፎች ዘይት እየቀባ ነበር።

“ምን እያደረግሽ ነው?”

“ገበሩን ላወጣው።”

“አንቺ? ገበር?”

“አዎ፣ እኔ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል አሉ።”

ገበሩን አወጣችው። እዚህ ላይ ብታቆም ደግ ነበር። አላቆመችም። ካረጀ ነጭ ሸሚዙ ላይ አንገትጌውን፣ ደረቱን፣ የእጅጌዎቹን ጫፍ ቆርጣ ከራሱ ከኮቱ ጋር ሰፋቻቸው። ኮቱን የለበሰው ጊዜ ከሩቅም ከቅርብም ሸሚዝ የለበሰ ይመስላል፣ ክራቫቱ እንኳ ቦታው ላይ ነው። ውስጡ ግን እንደ ተወለደ ነው፤ ገበር የለ፣ ሸሚዝ የለ፣ ካናቴራ የለ። ባልየው መስታወት ፊት ቆሞ ግራ ቀኝ ዞረና ሳቀ።

“ዶሮን ሲያታልሏት…” ብሎ ጀመረ።

“ዝም በል፣ ቀጥ ብለህ ቁም” አለችው፣ ስፒል በከንፈሯ ይዛ። “ይቀላል አይቀልም?”

“ይቀላል። የሰው ኮት የለበስኩ ይመስለኛል።”

በነጋታው መሪው ደወለ። አውቶቡሱ ትንሽ ነው፣ ሣጥን ይቀንሱ እትዬ፣ አላት። ምን ይቀነሳል? ከፋዩ አይቀነስ፣ የሌሎቹ ሸሚዝ አይቀነስ። ዓይኗ የባሏ ሸሚዞች ላይ አረፈ። ተጣጥፈው፣ ተተኩሰው፣ ለጉዞ ተሰልፈዋል። እነዚህ አሁን ምን ያደርጉለታል፣ ሸሚዙ ኮቱ ላይ አይደል? አንስታ ወደ ቁም ሣጥን መለሰቻቸው። ለመንገድ የሚሆኑ ካናቴራዎች ብቻ ተወችለት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ ወገቡ የሚቆረጥ ሰው ግን ተረት አያስታውስም፣ ሣጥኑ መዘጋቱን ብቻ ነው የሚፈልገው።

የመጀመሪያው ከተማ ሲደርሱ የአውቶቡሱ በር ተከፍቶ ወበቁ ገባ። እርጥብ ፎጣ አፍ ላይ አድርጎ እንደ መተንፈስ ነው። ሰዉ ሁሉ ገና ሳይራመድ በላብ አብለጨለጨ። ሠርጉ ላይ ሙዚቀኞቹ በዚያ ከፋይ ውስጥ ተቀቀሉ፤ ቤዝ ጊታር የሚጫወተው ሰውዬ እረፍት ላይ ራሱን ቧንቧ ሥር ደፍቶ አልነሳም አለ። ጋሽ ጥሩንባ ግን ቆሞ ነፋ። እሷ ከመጋረጃው ጀርባ ሆና ጥሩንባው ማዘንበል አለማዘንበሉን ብቻ ስታይ ቆየች። አላዘነበለም። ሲያልቅ መሪው ትከሻውን መታ አድርጎ፣ “ጋሼ፣ ዘንድሮስ ልጅ ሆነዋል” አለው። ባሏም ወደሷ ዞሮ ጠቀሳት። ከስንት ጊዜ በኋላ መጥቀሱ ነው።

ጉዱ የፈላው ክፍላቸው ገብተው ኮቱን ያወለቀችለት ጊዜ ነው። ከበዳት። ጨመቀችው፣ ላብ ወረደ። እንደገና ጨመቀችው፣ አሁንም ወረደ። ያኔ ገባት። ሸሚዝ ላብ ይጠጣል፣ ገበር ደግሞ ከሸሚዝ የተረፈውን ይይዛል፣ ከፋዩ ደርቆ ይቀራል። እሷ ሁለቱንም አስወግዳ ላቡን በሙሉ ለከፋዩ አጠጣችው። መስኮት ላይ ሰቀለችው፤ አልደረቀም። ከቬንትሌተሩ ፊት ሰቀለችው፤ አልደረቀም። በዚያ አገር አየሩ ራሱ እርጥብ ነው፣ ከማን ላይ ምን ያድርቅ። በካውያ ሞከረችው፤ የከፋዩ ጠጉር ተኛና አንድ ቦታ ላይ አብለጨለጨ፣ ደንግጣ ተወችው። የሌሎቹ ሸሚዞች ኮሪደሩ ላይ በተወጠረው ገመድ ላይ እየተንጠባጠቡም ቢሆን በተራ በተራ ይደርሳሉ። የባሏ ሸሚዞች ቁም ሣጥን ውስጥ ተጣጥፈው ተቀምጠዋል፣ ሩቅ አገር።

“የልብስ ነፍሱ ገበሩ ነው” ስትል የኖረች ሴት! ራሷን መስደብ እንኳ ደከማት። ከድራም መቺው አንድ ሸሚዝ ልዋስ ብላ አሰበች። “የጋሼስ?” ቢላትስ? ከድራም መቺው ጆሮ የገባ ነገር ደግሞ ሁሉም ጋ ይደርሳል። ተወችው።

ሁለተኛው ከተማ ከመጀመሪያው ይብስ ነበር። ሠርጉ የቀን ነው፣ አዳራሹ ጣሪያው ቆርቆሮ። ኮቱን እንደ ረጠበ አለበሰችው። ሲነካው ሰውነቱ ሽምቅቅ አለ፣ ግን አልተነጫነጨም።

“ቀዝቃዛ ነው፣ ደስ ይላል” አላት።

ውሸቱን ነው። እሷም ውሸቱን መሆኑን ታውቃለች፣ እሱም ማወቋን ያውቃል። ቁልፎቹን ቆለፈችለትና መድረክ ላይ ወጣ።

ጥቂት ዘፈን እንደ ተዘፈነ መሪው፣ እግዜር ይስጠው፣ አዘነላቸው። ማይኩን ይዞ፣ “ሙቀቱን አያችሁት ወገኖቼ፣ ዛሬ ወንድሞቼን ልፈታቸው ነው። ኮት ይውለቅ!” አለ። ሕዝቡ አጨበጨበ። ሙዚቀኞቹ በአንድ ጊዜ ኮታቸውን ወዲያ ጣሉ፤ መድረኩ ነጭ በነጭ ሆነ። አንድ ሰው ብቻ በወይን ጠጅ ከፋይ ቆሞ ቀረ። እሷ መጋረጃውን ጨበጠች።

መሪው ዞር ብሎ፣ “ጋሼ፣ ያውልቁ እንጂ” አለው። ባሏ ፈገግ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። መሪው እንደገና በእጁ ምልክት ሰጠው፤ እምቢ አለ። ያኔ መሪው ነገሩን ወደ ጨዋታ ለወጠና በማይኩ፣ “የድሮ ሰው ኩራቱን አያችሁ! ሠርጉን አክብሮ ነው” አለ። ጭብጨባው ጣሪያውን አናወጠው። እንግዲህ ከዚህ በኋላ እንዴት አድርጎ ያወልቃል? ደግሞ ቀጥሎ የመጣው ዘፈን ጥሩንባው ለብቻው ብዙ የሚነፋበት ዘፈን ነው።

ነፋ። ለጥቂት ጊዜ ደህና ነበር። ከዚያ ከንፈሩ ዳር ዳር ያለው ቆዳ አመድ መሰለ። ላቡ ቆመ፤ ከሁሉም እሱ አስፈራት፣ በዚያ ሙቀት የሰው ላብ ሲቆም ጥሩ አይደለም። ቀጥሎ የጥሩንባው አፍ ትንሽ፣ በጣም ትንሽ፣ ወደ ታች ወረደ።

እሷ ከወጣች ነገሩ አለቀ። ከባንዱ መውጣቱ ብቻ አይደለም፣ በሰው ሠርግ ላይ፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት፣ በዚህ ዕድሜው ደረቱ ተራቁቶ ይታያል። ካልወጣች ደግሞ ምናልባት ይጨርሰዋል። ምናልባት። ዘፈኑ ሊያልቅ ምን ቀረው? ያንን ግድግዳ አሰበችው፣ ያንን “ይሁን”። ጥሩንባው እንደገና ወረደ።

ወጣች። ደረጃውን ጉልበቷን በእጇ እየደገፈች ወጣችው፣ የቤት ቀሚሷን እንደ ለበሰች፣ የስፌት ሜትር አንገቷ ላይ እንዳለ። ጥሩንባውን ከእጁ ወሰደችና ወለሉ ላይ አስቀመጠች። ከዚያ የኮቱን ቁልፎች መፍታት ጀመረች። ራሷ ስለ ሰፋቻቸው ጠብቀዋል። ኮቱን ስትገፈው አንገትጌው፣ ደረቱ፣ የእጅጌው ጫፍ፣ ክራቫቱ ሳይቀር አብሮ መጣ። ጋሽ ጥሩንባ በሱሪ ብቻ፣ የደረቱ ሽበት ታይቶ፣ መብራቱ ሥር ቆመ። መጀመሪያ የሳቁት ልጆቹ ናቸው፣ ቀጥሎ ወጣቶቹ። አሮጊቶቹ አልሳቁም። ድራም መቺው፣ ይባረክና፣ ሳቁን ሊሸፍን ዱላዎቹ እስኪሰበሩ ድረስ ድራሙን ደበደበ። መሪውም መዝፈኑን አላቋረጠም። እሷ ባሏን በብብቱ ይዛ፣ ማንንም ሳታይ፣ ከመድረኩ አወረደችው።

ከአዳራሹ ጀርባ ወንበር የሚከማችበት ክፍል ነበር። እዚያ አስተኝታ፣ ውሃ አፍስሳበት፣ በትሪ ስታራግብለት ቀለሙ ተመለሰ። በእረፍት ሰዓት መሪው መጣ። ከመድረኩ ይዞት የመጣውን ኮት ገለበጠውና ውስጡን አየው።

“ጥፋቱ የኔ ነው ልጄ” አለችው።

“ገብቶኛል እትዬ” አለ። ድምፁ ቁጣ አልነበረበትም፣ ቁጣ ቢኖርበት ይሻላት ነበር። “ጋሼ፣ ነገ ጠዋት ወደ ቤት የሚሄድ አውቶቡስ አለ። እትዬም አብረውዎት ይሂዱ፣ ሣጥኖቹን እኛ እንይዛለን።”

“ይሁን” አለ ባሏ።

ያቺን ቃል ስትሰማ ወሽመጧ ብጥስ አለ።

ክፍላቸው ሲገቡ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። አልጋው ላይ ጋደም አለ፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው አላዞረም፣ ወደሷም አላዞረም፣ ጣሪያውን ነው የሚያየው። ዝም አይነቅዝም ይባላል፣ ግን የባል ዝምታ ሚስትን ይበላል። እሷ ሻንጣውን ከፍታ ማሰናዳት ጀመረች። የሁለት ሰው ልብስ ብቻ ነው፣ ወዲያው አለቀ። እጇ ሥራ ፈት እንዳይሆን አውጥታ እንደገና አጣጠፈችው።

በመጨረሻ አልቻለችም።

“ተናገር እንጂ” አለችው። “ስደበኝ። በሰው ሁሉ ፊት አዋርጄሃለሁ፣ አውቃለሁ። ተንኮሉንም የሸረብኩት እኔ፣ የገለጥኩትም እኔ። ግን ዓይኔ እያየ ልትሞትብኝ ነበር። ምን ላድርግ? ደክሞኛል እኮ፣ ይኸውልህ፣ እኔም ደክሞኛል።”

እሱ ቀስ ብሎ ወደሷ ዞረ።

“ከዘፈኑ መጀመሪያ ጀምሮ አይቼሽ ነበር” አላት። “እዚያ መጋረጃው ጋ ቆመሻል።”

“እና?”

“እናማ፣ ዛሬ ምን ሆና ነው የዘገየችብኝ፣ እያልኩ ነበር የምነፋው።”

እሷ የያዘችውን ካናቴራ ሻንጣው ላይ አስቀመጠች። ከዚያ አልጋው ላይ ከጎኑ ሆና እግሯን ዘረጋች።