የሳምቡሳው ባለቤት

ሥራ ፈጠራን በሁለት ደረጃ አስተምራለሁ። ሳምንቱን ሙሉ ጂዳ፣ ፔትሮሚን ሰፈር ካለ መጋዘን ዕቃ ስረከብና ሳስረክብ እከርማለሁ። ዓርብ ሲመጣ ደግሞ አገር ቤት ላለ አንድ የርቀት ትምህርት ኮሌጅ መምህር ነኝ። የማስተርስ ተማሪዎቼ እዚሁ ጂዳ፣ ሰቢል ሰፈር በተከራየናት ክፍል ይሰበሰባሉ። የመጀመሪያ ዲግሪዎቹ አብዛኞቹ የቤት ሠራተኞች ስለሆኑ በስልክ ነው የምንገናኘው። ኮሌጁ ለሁለቱም የላከው ሞጁል አንድ ነው፤ የተለወጠው ሽፋኑ ብቻ ነው። ብጽፍም ብደውልም «እንደየደረጃቸው ያብራሩላቸው» ከማለት ሌላ መልስ የላቸውም።

የማስተርሶቹ ነገር ያንገበግበኛል። እስከ ዛሬ አንዲት ብስኩት የሸጠ የለም፤ ትርጓሜ ላይ ግን የሚያህላቸው አይገኝም። አንድ ቃል ጥዬላቸው ሻይ ጠጥቼ ብመለስ እዚያው ቃል ላይ ሲናጩ አገኛቸዋለሁ። የስልኮቹ ደግሞ ድምፅ አውጥተው መጠየቅ አይችሉም። አንዷ፣ መካ ሰው ቤት የምትሠራ የወሎ ልጅ፣ ሳህን እያጠበች ነበር የምትማረው። ክርስቲያን ስለሆንኩ መካ መግባት አልችልም፤ ድምፄ ግን በየሳምንቱ የማዳሟ ማድ ቤት ውስጥ ነበር።

ልጅቱ ለመመረቅ የኔ ኮርስ ብቻ ቀርቷታል። ለማለፍ የራሷ የሆነ ሥራ ጀምራ ማሳየት አለባት። እሷም ጀመረች። ከቤተሰቦቿ በተላከላት በርበሬ የምስር ሳምቡሳ ሠርታ ለማዳም አቀመሰች፤ ማዳም ለእህቶቿ፣ እህቶቿ ለጎረቤት፤ ትእዛዝ ይጎርፍ ጀመር። ስለ ዋጋ አወጣጥ ያስተማርኩ ሳምንት፣ ትምህርቱን ወደ ዐረብኛ እየመለሰች ለማዳም ነገረቻት። ስለ ማሸጊያ ያስተማርኩ ሳምንት ካርቶን ታዘዘ። ካርቶኑ ላይ የታተመው የማዳም ስም ነበር።

ደሜ ፈላ። ድርሻሽን ጠይቂ አልኳት፣ ጠየቀችም። ማዳም አልተቆጣችም፤ ከልቧ ነው የገረማት። ዱቄቱ የኔ፣ ዘይቱ የኔ፣ ያስመጣሁሽ ካፊልሽም እኔ፣ ምኑን ነው የምንካፈለው አለቻት። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዲሉ፣ ኮሌጁን ሳማክር ሥራው የሌላ ሰው ከሆነ ተማሪዋ ወድቃለች አሉኝ።

ቢጨንቀኝ ጉዳዩን ለማስተርሶቹ አቀረብኩ፤ ልጅቱንም በስልክ አስገባኋት። ሲከራከሩ፣ ሲከራከሩ ቆዩና፣ በሰው ድርጅት ውስጥ አዲስ ነገር የሚያመጣ ሰው «የውስጥ ሥራ ፈጣሪ» ይባላል ብለው ተስማሙ። ፊታቸው በደስታ በራ። ቃሉን ያስተማርኳቸው እኔው ነኝና ራሴን በጥፊ ማለት አማረኝ።

«ወላሂ ስሙ ያምራል፣ መምህር» አለች ልጅቱ። «ግን ኢቃማዬ፣ መኖሪያ ፈቃዴ ላይ ይጽፉልኛል?»

ያ ሁሉ ተከራካሪ ሞጁሉን ያገላብጥ ጀመር። እኔም ትምህርቱን በተንኩት።

በማግስቱ የሥራው ባለቤት እሷ ናት ብዬ ፈርሜ ኤ ሰጠኋት። ውሸት ነው የሚል ካለ ይምጣና ይክሰሰኝ። ውጤቷን ስነግራት አለቀሰች። እኔም ደስ አለኝ፤ ቢያንስ ዲግሪው የሷ ነው፣ ካርቶን ላይ አይታተም። ማዳም ሰምታ እንደሆነ ጠየቅኳት።

«ሰምታለች። እቅፍ አድርጋ ሳመችኝና ‹አልሐምዱሊላህ፣ አለፍን› አለች። ማስተርሱን መቼ እንደምንጀምር መምህሩን ጠይቂልኝ ብላለች።»