የጾም ቅባት

«ችፌ አይገድልም» አለኝ ሐኪሙ፣ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ። ልጄ ያኔ ስድስት ዓመቷ ነበር። የክርኗ መታጠፊያ፣ የጉልበቷ ጀርባና አንገቷ ሥር ቆዳዋ ተልጦ፣ አንዳንዱ ቦታ ውሃ ቋጥሮ፣ አንዳንዱ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። አይገድልም ስባል ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር መሰለኝ። እኔ ግን ተናደድኩ። የማይገድል ነገር ምን እንደሚያደርግ ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም፤ በየጠዋቱ የልጅ አንሶላ ላይ የደም ነጠብጣብ ማየት ይበቃል።

የምንኖረው ልደታ ነበር፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ወደ ሰንጋ ተራ ከሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ፣ ስድስት ቤተሰብ አንድ ቧንቧ የሚጋራበት የቀበሌ ቤት ውስጥ። እኔ በአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ። ባለቤቴ የጭነት መኪና ሹፌር ስለነበር አሰብ ይመላለሳል። ከመንገድ ሲመለስ ከሁሉ አስቀድሞ ከወንበሩ ሥር የሚያወጣው ቫዝሊን ነበር። ቫዝሊኑ ችፌውን ባያድነውም ቆዳዋን ያለሰልሰዋል፤ ስትተጣጠፍ አይሰነጠቅባትም። በኋላ መኪናውንም እሱንም በሰሜን ላለው ጦር ስንቅ ለማመላለስ ወሰዷቸው። ቫዝሊኑ አለቀ። ደብዳቤውም መጀመሪያ በየወሩ፣ ቀጥሎ በየሦስት ወሩ፣ ከዚያ ሲገኝ ብቻ ሆነ።

ሳሙና የምናገኘው ከቀበሌው ሱቅ በራሽን ነው። የልብሱም የገላውም እሱው ነው። ልጄ በዚያ ሳሙና ታጥባ ስትወጣ መላ ሰውነቷ ይቀላል። የግቢው ልጆች ይጋባብናል ብለው ከእሷ ጋር ገመድ መዝለል ተዉ። እንዲያ ያሏቸው እናቶቻቸው ናቸው፤ ዛሬ አብዛኞቹ በሕይወት ስለሌሉ አልወቅሳቸውም፣ ያን ጊዜ ግን በልቤ ያልረገምኳት አልነበረችም። ልጄ ፀሐይ በሚያቃጥልበት ቀን ሳይቀር የሹራቧን እጅጌ እስከ ጣቷ ስባ፣ በራፋችን ላይ ተቀምጣ ሲጫወቱ ታያቸዋለች። ነይ ግቢ ስላት «ይሄው እያየሁ ነው» ትለኛለች።

መላውን የነገሩኝ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ቅቤ የሚሸጡ አንዲት የጉራጌ እናት ናቸው። ቅቤውን በኮባ እየጠቀለሉ ሳለ የልጄን አንገት አዩት።

«ልጄ፣ ምን ነክቷት ነው?»

«ችፌ ነው እናቴ። ሐኪም ቤትም ወስጃት ነበር።»

«ለጋ ቅቤ አልሞከርሽላትም?»

«ቀብቻት ነበር። ጭራሽ ባሰባት።»

«ሳታጥቢው ነዋ!» ብለው ተቆጡኝ። «አሬራው ሳይወጣለት ቀባሻት። ቆዳዋን አሬራ እያጠጣሽ እንዴት ይድናል? በቀዝቃዛ ውሃ እጠቢው፣ ውሃው ጠርቶ እስኪወጣ። ከዚያ ንጹሕ ሰም ጨምሪበት፣ እንዳይቀልጥ ይይዘዋል።»

ሰሙን ከልደታ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ጧፍ ከምትሸጥ ሴት ገዛሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ቅቤውን በሳፋ ውሃ ውስጥ አድርጌ በእጄ መምታት ጀመርኩ። ውሃው ነጭ ይሆናል፣ እደፋዋለሁ፣ ሌላ እቀዳለሁ። ለቧንቧው ወረፋ የያዙ ጎረቤቶቼ አበደች እንዴ ሳይሉ አይቀሩም። ክንዴ ዝሎ ከትከሻዬ ሊገነጠል ሲደርስ ውሃው ጠራ፤ ቅቤውም ሽታውን ለቆ ነጣ። ሰሙን በጣሳ አድርጌ በፈላ ውሃ ላይ አቀለጥኩና ቅቤውን ቀላቀልኩበት፤ ጠብታ የጉሎ ዘይት አከልኩና እስኪረጋ አማሰልኩት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ደንብ ነበረኝ። አዲስ የተሠራ ቅባት መጀመሪያ የልጄ ግራ ክርን ላይ ብቻ ይቀባል። አንድ ሙሉ ቀን ይጠበቃል። ሳያሳክካት ከዋለ ለሌላው ሰውነቷ ይሆናል። ካሳከካት ይደፋል። እኔ ነኝ ያወጣሁት፣ ማንም አላስገደደኝም።

በአንድ ወር ውስጥ የክርኗ መታጠፊያ ዳር ዳሩን ቆዳ ያዘ። አንሶላዋ ላይ ደም ማየት ቀረ። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ እጅጌዋን ሰብስባ ከልጆቹ ጋር ገመድ ስትዘል አገኘኋት። ቧንቧው ጋ ቆሜ እጄን የምታጠብ መስዬ አለቀስኩ። በዚያ ዘመን ያለቀስኩት ሁሉ በኀዘን ነበር፤ ያችን ቀን ብቻ ነው በደስታ የማስታውሳት።

ንግድ ለመጀመር አላሰብኩም። መሥሪያ ቤት፣ በውይይት ክበብ ሰዓት፣ አጠገቤ የምትቀመጥ ባልደረባዬ የተሰነጠቀ እጇን ስታሻሽ አይቼ ትንሽ ሰጠኋት። በሳምንቱ ሦስት ሴቶች ጠረጴዛዬ ጋ ቆሙ። ዕቃ መያዣ ስለሌለኝ ከቆራሌው ባዶ የጫማ ቀለም ቆርቆሮ ገዛሁ። በአመድ ፈትጌ፣ ቀቅዬ፣ ፀሐይ ላይ አሰጥቼውም የቀለሙ ሽታ አልለቅ ይል ነበር። «ፊታችንን ልንጠርግ ነው ወይስ ጫማችንን?» እያሉ ይስቁብኛል፣ ግን ይወስዳሉ። የቀበሌው ሊቀመንበር ያለ ፈቃድ ትነግጃለሽ ብሎ ሊያስፈራራኝ መጥቶ፣ ለተሰነጠቀ ተረከዙ አንድ ቆርቆሮ ይዞ ሄደ። ከዚያ ወዲያ ስለ ፈቃድ ያነሳብኝ የለም።

ቤት ድረስ የሚመጡ ደንበኞች ሁሉ አንድ ጥያቄ ነበራቸው፦ «እስቲ የልጅቱን እጅ እንየው።» ልጄ መጀመሪያ ላይ ትኮራ ነበር። ሩጣ መጥታ እጅጌዋን ትሰበስብና «ንኩት፣ ለስልሷል» ትላቸዋለች። ይጋባብናል ያሉት እናቶችም መጥተው ነኩት። ደስ አለኝ፤ አልዋሽም፣ ተበቀልኩ ብዬ ደስ አለኝ። እያደር ግን ሩጫዋ ቀረ። በሩ ሲንኳኳ ማን ነው ብላ ሳትጠይቅ ከተቀመጠችበት ሆና እጅጌዋን መሰብሰብ ጀመረች። አይቼ እንዳላየሁ ሆንኩ።

የቅበላ ሳምንት፣ ሁዳዴ ሊገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ በግቢያችን በር አጠገብ የሚኖሩ አንዲት ባልቴት መጡ። በጽዋ ማኅበራቸው የሚሰሙ፣ የሰፈሩ ሴት ሁሉ የሚያከብራቸው ሰው ናቸው። ቆርቆሮውን አንስተው አሸተቱት።

«ልጄ፣ ይሄ ቅቤ አለበት አይደል?»

«አለበት እማማ።»

«እንግዲያ በሁዳዴ እንዴት አድርጌ ነው የምቀባው? እጄን ቀብቼ ሽሮ ላማስል ነው?»

«የሚበላ አይደለም እኮ። ቄሱን ቢጠይቋቸውም ምንም የለውም ይሉዎታል።»

«ቄሱ ወጥ አይሠሩም» አሉ ባልቴቷ። «የጾም የሆነ ሥሪልን። እኔ ብቻ አይደለሁም፣ የማኅበሩ ሴቶች በሙሉ ይፈልጋሉ።»

የጾም ቅባት! ሲወጡ ብቻዬን ሳቅኩ። ማታ ግን ሳቁ ጠፋ። ሁለት ወር ሊሞላ ምንም ለማይቀረው ጊዜ ደንበኛ ከሌለኝ በምን እንኖራለን? ከባለቤቴ ወሬ ከተሰማ ቆይቷል። ደመወዜ የወሩ መጨረሻ ላይ ደርሶ አያውቅም። ስለዚህ ቅቤውን ትቼ በዘይት መሞከር ጀመርኩ፦ የኑግ፣ የሱፍ፣ የሰሊጥ፣ የተልባ። ጊዜ ስላልነበረኝ አንድ ባንድ አልሞከርኩም። ከመሥሪያ ቤት ባመጣሁት ቀይ እስክሪብቶ የልጄ ግራ ክንድ ላይ አራት ክብ ሠራሁና ሁሉንም በአንድ ጊዜ ቀባኋት። ከተወለደች ጀምሮ ላድነው የለፋሁለትን ክንድ።

ጠዋት አስተማሪ ሰሌዳ ላይ እንደሚጠይቅ በጣቴ እየጠቆምኩ ጠየቅኳት።

«እዚህ ጋ ያሳክክሻል?»

«አያሳክከኝም።»

«እዚህስ?»

«አያሳክከኝም እማዬ።»

አራቱም አላሳከካትም። ፈጣሪ ረዳኝ አልኩ። ሽታውን እንዲያሳምርልኝ ብዬ የጥቁር አዝሙድ ዘይት የጨመርኩበትን የተልባውን መረጥኩ። ባልቴቷ አመሰገኑ፣ መረቁኝ፣ ለማኅበራቸው ሴቶች ወሰዱ። በጾሙ የመጀመሪያ ሳምንት አንዲት ደንበኛ የልጄን እጅ ካየች በኋላ «የሷም የጾሙ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። መዋሸት አቃተኝ። ወይም ገበያዬ እንዳይበላሽ ፈራሁ፤ ዛሬ ሳስበው የቱ እንደሆነ አላውቅም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ልጄንም ከቅቤው ወደ ተልባው አዞርኳት። እውነቱን ለመናገር ቅቤም ተርፎልኛል።

«ራሴ እቀባዋለሁ» አለች። አደገች ብዬ ደስ አለኝ። ሹራቧን ማውለቅ ስታቆም በርዷት ነው አልኩ። አጠገቤ ተኝታ ስትገላበጥ አባቷ ናፍቋት ነው አልኩ። ለሁሉም መልስ ነበረኝ። ሁልጊዜም ጠዋት «ያሳክክሻል?» እላታለሁ፤ «አያሳክከኝም» ትለኛለች።

በሦስተኛው ሳምንት ከትምህርት ቤት ትኩሳት ይዟት መለሷት። ልብሷን ላወልቅላት ስል የሹራቡ እጅጌ አልመጣም። ከቆዳዋ ጋር ተጣብቆ ነበር። በለብ ያለ ውሃ እያረጠብኩ ነው ያላቀቅኩት። ከእጅ አንጓዋ እስከ ብብቷ ድረስ ደህና ቆዳ አልነበረም። መግል ይዟል። እሷ አላለቀሰችም፤ ከንፈሯን ነክሳ ወደ ግድግዳው ዞረች።

የዚህኛው ጊዜ ሐኪም ሴት ነበረች። ልጄን ቀስ ብላ አየቻትና ወደ እኔ ዞረች። «በምንድን ነው የምትቀቧት?»

ልጄ ናት የመለሰችላት። «እማዬ የሠራችው ነው። ጥሩ ነው» አለች።

ሐኪሟ መድኃኒት ጻፈችና ወረቀቱን ሰጠችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ወደ ቤት አዝያት ስሄድ፣ ሰንጋ ተራ ጋ ስንደርስ፣ አላስቻለኝም። «ለምን አልነገርሽኝም? በየቀኑ እየጠየቅኩሽ!» አልኳት፤ ድምፄ የቁጣ ነበር፣ ያንንም አልረሳውም።

ጀርባዬ ላይ ሆና «ቆርቆሮዎቹን አየኋቸው» አለችኝ።

«የቶቹን ቆርቆሮዎች?»

«አልጋው ሥር ያሉትን። እኔን ከመጠየቅሽ በፊት ሞልተሻቸው ነበር።»

እውነቷን ነበር። ያን ዕለት ማታ፣ አራቱን ክብ ቀብቼላት ተኛች ብዬ፣ አንድ ቀን የመጠበቁን ደንብ ትቼ የተልባውን ቆርቆሮዎቹ ውስጥ ገልብጬ ጨርሼዋለሁ። ባልቴቷ ጠዋት እመጣለሁ ስላሉኝ ነው። ልጄ አልተኛችም ነበር። ጠዋት የጠየቅኳት ጥያቄ መልሱ አስቀድሞ እንደተሞላ ታውቃለች። ስምንት ዓመት ያልሞላት ልጅ እኔ እንዳልደፋው ብላ ያን ሁሉ ቀን ቻለችው።

ግቢ ስንገባ ባልቴቷ በራፋችን ላይ ቆመው ይጠብቁኝ ነበር። ሌላ ቆርቆሮ ፈልገው ነው። «ለኔስ ደህና ተስማምቶኛል» አሉ። የቀረውን በሙሉ አውጥቼ ሰጠኋቸውና በሩን ዘጋሁት።

የጾም ቅባት ከዚያ ወዲያ አልሠራሁም። የቅቤውን ግን አልተውኩትም፤ ባለቤቴ እንደማይመለስ የሚገልጽ ወረቀት በዚያው ዓመት ክረምት ደረሰኝ፣ የምንኖርበትም ሌላ ነገር አልነበረንም። ለአዲስ ቅባት የራሴን ክንድ መጠቀም ጀመርኩ። የኔ ክንድ ምንም አይሆንም፤ ምንም ስለማይሆንም ምንም አይነግረኝም። እጇን እንየው የሚሉኝን ልጅቱ የለችም እላቸዋለሁ። እሷ ጓዳ ተቀምጣ ትሰማኛለች።

ያ ግቢ ፈርሶ ዛሬ ፎቅ ቆሞበታል። ልጄ ያኔ ከነበርኩበት ዕድሜ አልፋለች፣ የራሷ ልጆች አሏት። ችፌው ሙሉ በሙሉ አልለቀቃትም፤ ብርድ ሲገባና ስትጨነቅ ይነሳባታል። ልትጠይቀኝ ስትመጣ፣ ቡና እያፈላችልኝ፣ እጅጌዋን በጣቷ እስከ መዳፏ ድረስ ስባ ስትይዝ አያታለሁ።

«ያሳክክሻል እንዴ?» እላታለሁ።

«አያሳክከኝም እማዬ» ትለኛለች።

እጅጌሽን ሰብስቢና ልየው ለማለት እስከ ዛሬ አልደፈርኩም።