ለባለቤቴ ያስተማርኳቸው ሁለት ቃላት

ሎዥባን የሚባል፣ ሰዎች አስበው ያበጁት ቋንቋ አለ። በካዛንቺስ እሱን የሚያውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ፤ በአገሩም ሌላ ሰው ቢኖር እስካሁን አልገጠመኝም። ከስድስተኛ ክፍል አላለፍኩም። እንግሊዝኛውን ከመዝገበ ቃላት፣ ሎዥባኑን ከሰፈራችን ኢንተርኔት ቤት ፕሪንት እያስደረግኩ ራሴን አስተማርኩ። ጡረታ በወጣሁ በዓመቱ አረፍተ ነገር እመሠርት ነበር። እስቲ ባለዲግሪዎቹ ይሞክሩት!

ባለቤቴ ምሳ ስትሠራ አጠገቧ ቆሜ አስተምራታለሁ።

«አንተ ሰውዬ፣ ከማን ጋር ልታወራበት ነው?»

«ካንቺ ጋር ነዋ!»

ሁለት ቃል ብቻ ያዘችልኝ። «ዊ» ደስታ ነው። «ዘነበ» ብለህ ብትጨምረው ዝናቡ በእርግጥ ዘንቧል፣ አንተም ደስ ብሎሃል። «አሆ» ተስፋ ነው። እሱን ከጨመርክ ስለ ዝናቡ የመሰከርከው ነገር የለም፤ ምነው በዘነበ ማለትህ ነው።

ከዚያ ታመመች። ሐኪሙ እንደ አገራችን ልማድ እሷን ትቶ እኔን ኮሪደር ላይ ጠራኝ። በሽታው ተሰራጭቷል፤ ከእንግዲህ ማስታመም ብቻ ነው አለኝ። ከቄራ የመጣችው እህቷ ክንዴን ያዘች።

«ጋሼ፣ በእመብርሃን፣ እንዳይነግሯት! ተስፋ ቆርጣ እዚሁ ትቀርብናለች።»

ቃል ገባሁላት። ፊቴን ታጥቤ ገባሁ።

«ትድኛለሽ» አልኳት።

ባለቤቴ ትክ ብላ አየችኝ። «በዊ ነው በአሆ?»

ለአለቃ ዋሽቼ አውቃለሁ፤ ለጎረቤትም፣ ለራሷም ዋሽቻለሁ። በዚያ ቋንቋ ግን አንድም ቀን ዋሽቼ አላውቅም ነበር። አስተማሪዋም እኔው ነኝ።

«በአሆ» አልኳት።

«ና፣ ጎንበስ በል፤ አንገትህ ገና ውሃ ነው» አለችና በነጠላዋ ጫፍ አደረቀችልኝ። «ታዲያ እዚህ ምን አስቀመጠኝ? ቤቴ ውሰደኝ።»

እህቷ ኮሪደሩ ላይ «ምን ዓይነት ሰው ነዎት!» ብላ ጮኸችብኝ። ቢሆንም ባለቤቴን ግራና ቀኝ ደግፈን ታክሲ ውስጥ አስገባናት። ኡራኤል ጋ መንገዱ ተዘጋግቶ ሹፌሩ ጥሩምባውን ያንባርቀው ጀመር። ባለቤቴ መስኮቱን አስወርዳ ወደ ውጭ ታያለች።

«ተወው ልጄ፣ ምን ያጣድፈናል» አለችው፤ እጄንም ይዛ ነበር።